ጉልበት ከትንፋሽ ነው

ያለ ቱርቦ የሞተርዎን ፈረስ ጉልበት ማብዛት ካማረዎ አስቀድመው የማደያዎን ቤንዚን ይወቁ። እኔ ከኮምፕሬሽኑ ጀምሬ ተቃጠልኩ። የ5.7 ሊትር ሞተሬን 13 ለ 1 አድርሼ የሰፈሬን 91 ኦክቴን ቀዳሁበት። ከልክ በላይ የታመቀው ቤንዚን የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ እየነደደ፣ ሞተሩ ማንኳኳት ጀመረ። «ይለምዳል» ብዬ ብነዳው ፒስተኑ ተሰነጠቀ። ሁለት ዓመት ትርፍ ሰዓት ሠርቼ ያጠራቀምኩትም አብሮ ሄደ።

ሆንዳ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ኤስ2000 ላይ፣ ከ2 ሊትር ሞተር በ11 ለ 1 ኮምፕሬሽንና በማደያ ፕሪሚየም 240 ፈረስ ጉልበት አግኝቷል። ምስጢሩ ትንፋሽ ነው፤ አየር እንደ ልብ የሚያሳልፍ ቴስታታ፣ ቫልቭን አስፍቶ የሚከፍት ካምሻፍት፣ ከፍተኛ ዙር የሚችል ሞተር።

ሁለተኛውን ሞተሬን በ10 ለ 1 ሠርቼ፣ የተረፈኝን ገንዘብ በቴስታታው ላይ አዋልኩት። እነሆ፣ ሳያንኳኳ ይሄዳል።