የሚመታና የሚይዝ በአየር ጤና

ከአያት ተነሥቶ ከተማችንን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው የኤሌክትሪክ ባቡር ጉዞውን የሚፈጽመው ጦር ኃይሎች ላይ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰፈር ለማየት ያሰብህ እንደ ሆነ ከባቡሩ ወርደህ ወደ ታክሲው ሰልፍ መሄድ ይኖርብሃል። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ «አየር ጤና! አየር ጤና! ዓለም ባንክ!» ሲል ትሰማዋለህ፤ ለሦስት ሰው የተሠራው ወንበር ለአራት ሰው መሆኑን ሳትከራከር ተቀበልና ግባ። መንገዱ የጅማ መንገድ ነው። አየር ጤናን አልፎ በካራ ቆሬ በኩል ወደ ሰበታ፣ ከዚያም ወደ ወሊሶና ወደ ጅማ ይዘልቃል። ስለዚህ አደባባዩ የሁለት ዓለም በር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጠዋት ጠዋት የመንግሥት ሠራተኛውና ተማሪው ወደ መሐል ከተማ ሲጎርፍ፣ ከገጠር የመጣው የጉልበት ሠራተኛ ደግሞ አካፋውን ይዞ ጥግ ላይ ቆሞ አሠሪ ይጠብቃል።

ስሙ እንደሚለው አየሩ ጤና ነው ወይ ብለህ ብትጠይቀኝ፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ጭሱን በሚተፋበት ሰዓት አደባባዩ ላይ ቆሜ መልስ መስጠት ይቸግረኛል። ከዋናው መንገድ ወደ ወይራ ሰፈር ገባ ያልህ እንደ ሆነ ግን የቡናው ሽታና የምሽቱ ቅዝቃዜ ይቀበሉሃል። ወደ ግድግዳውም ተመልከት። ከትምህርት ማስጠኛውና ከቤት ኪራዩ ማስታወቂያ መካከል አንድ ነጭ ልብስ የለበሰ ሰው አንድ እግሩን ከራሱ በላይ ሰቅሎ ታየዋለህ። ይህ የቴኳንዶ ማሠልጠኛ ማስታወቂያ ነው። በምሽት ከአንዱ ቆርቆሮ አዳራሽ አጠገብ ብታልፍ ሕፃናቱ በኮሪያ ቋንቋ «ሃና! ዱል! ሴት!» እያሉ ሲቆጥሩ ትሰማለህ። ሦስት ማለት ነው እንጂ ስለ ሴት የተነገረ ነገር የለበትም። የሆነ ሆኖ አዲስ ገቢዎቹ ሁልጊዜ እዚህ ቁጥር ላይ ይሥቃሉ።

የኛ ሰው ከኮሪያ ጋር ያለው ዝምድና ከዚህ የቆየ ነው። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ወደዚያ አገር በዘመተ ጊዜ ቴኳንዶ የሚባለው ስም እንኳ ገና አልወጣም ነበር፤ ስሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ የሜዳልያ ውድድር ሆኖ ወደ ኦሊምፒክ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክም የኛው ሰሎሞን ቱፋ በ58 ኪሎ ክብደት ተሰልፎበታል። እንግዲህ የአየር ጤና ልጅ እግሩን ወደ ሰማይ ቢያነሣ አይፈረድበትም።

ነገር ግን እዚሁ አደባባይ ጥግ አካፋ ይዞ የሚቆመው ወጣት ሌላ ትምህርት ቤት አልፎ መጥቷል። እርሱ ከብት እየጠበቀ ሳለ በመስኩ ላይ ከእኩዮቹ ጋር ትግል ሲገጥም ነው ያደገው። ክፍያ የለበትም፣ ቀበቶም የለበትም፤ መምህሩ የወደቀበት መሬት ነው። ትግላችን ዛሬ ከገና ጨዋታ፣ ከፈረስ ጉግስና ከገበጣ ጋር በባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ደንብ ተበጅቶለት ውድድር ይደረግበታል። ዋናው ሕግ ግን እረኛው የሚያውቀው ነው፦ ወገብ ለወገብ ተያይዞ፣ እግር ጠልፎ፣ የባላጋራን ጀርባ መሬት ማስነካት። መምታት ነውር ነው። («ታጋይ» የሚለው ቃል ባገራችን ሌላ ታሪክ ስላለው፣ በዚህ ጽሑፍ ትግል የሚገጥመውን ሰው «ትግለኛ» ብዬዋለሁ።)

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የሚመታና የሚይዝ ቢገናኙ ማን ያሸንፋል?

ጥያቄውን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። አንድ ተማሪዬ ሰማያዊ ቀበቶ ታጥቆ ለቀዩ ይዘጋጃል። ወርሃዊ ክፍያውን የምትከፍልለት እናቱ ናት፤ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ። ታላቅ እህቱ ከማታ ትምህርት ስትመለስም ከታክሲው ማቆሚያ እስከ ቤታቸው ድረስ የሚሸኛት እርሱ ነው። መንገዱ መብራት የለውም፤ ስልክ የተነጠቀበት ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ለዚህ ልጅ የቀበቶው ቀለም ጌጥ አይደለም፤ እህቱን በሰላም አስገባለሁ ብሎ የሚተማመንበት ነው። ታዲያ አንድ ቀን ጀበና ቡና ከሚሸጥበት ዳስ ተቀምጦ ስለ ርግጫ ሲያስረዳ፣ ከምሥራቅ ጎጃም መጥቶ በሕንጻ ሥራ ላይ ሲሚንቶ የሚያመላልስ አንድ ወጣት እንዲህ አለው፦

«ወንድሜ፣ እግርህን ስታነሣ እኮ ባንድ እግር ነው የምትቆመው። እኔ ሁለቱንም ተክዬ ነው የምይዝህ።»

በቀጠሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሣር ባለበት ሜዳ ተገናኙ። ዳኛ እንድሆን እኔ ተጠራሁ። አንባቢ ሆይ፣ ከግጥሚያው ይልቅ የደንቡ ክርክር ነበር ረጅም ጊዜ የፈጀው፤ እኔም የዕለቱን ትምህርት ያገኘሁት ከዚሁ ነው። ፊትና ብልት እንዳይመታ ቶሎ ተስማሙ። «ከወደቅሁ በኋላ ተነሥቼ እቀጥላለሁ» አለ ተማሪው። «ከወደቅህማ አለቀ፤ ሌላ ምን አለ?» አለ ጎጃሜው፣ ከልቡ ተደንቆ። በቴኳንዶ ውድድር መውደቅ በነጥብ ያስቀጣል፣ መያዝም ያስቀጣል፤ ከዚያ ዳኛው ለይቶ እንደገና ያቆማቸዋል። በትግል ደግሞ መውደቅ ፍጻሜ ነው። ሁለቱም መሬት ላይ ከተጣሉ በኋላ ምን እንደሚደረግ ማንም አስተምሯቸው አያውቅም። በመጨረሻ ሦስት ጊዜ እንዲገጥሙና ጀርባው መሬት የነካ ወይም «በቃኝ» ያለ እንዲሸነፍ ተወሰነ።

በመጀመሪያው ተማሪው ጭኑን በርግጫ አገኘው። ድምፁ ከሜዳው ማዶ ድረስ ተሰማ፤ የጎጃሜው ፊትም ተለወጠ። ተማሪው ያንኑ በደገመ ጊዜ ግን እግሩ በብብት ተያዘ። የቀረችው አንድ እግርም ተጠለፈችና በጀርባው ተዘረጋ። በሁለተኛው ብልህ ሆነ፤ እየዞረ፣ እየሸሸ፣ ሁለት ጊዜ ጎኑን መታው። ሰውዬው ትንፋሽ አጥሮት ጥቂት ቆመ። ከዚያ ራሱን ዝቅ አድርጎ እንደ ወይፈን ገባበትና ወገቡን ይዞ አነሣው። አንድ ጊዜ ከተያዘ በኋላ ያ ሁሉ የሁለት ዓመት ርግጫ የት እንደ ገባ አልታየም። በሦስተኛው ተማሪው ቸኩሎ አልመታም፤ ጎጃሜው እንደ ልማዱ ሲሮጥበት ጠብቆ በጎን ርግጫ ሆዱን ተቀበለው። ሰውዬው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ጥቂት ዝም አለና «በቃኝ፤ ሲሚንቶው ይሻለኛል» አለ። ሁለት ለአንድ።

ከዚህ ውጤት ተነሥቶ ትግል ይበልጣል ማለት የቸኮለ ፍርድ ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ ግን ይጠቅማል። የሚመታ ሰው ኃይሉ ከርቀት ነው። እግር ለመወርወር አንድ እርምጃ ቦታ፣ ቡጢ ለመሰንዘር ደግሞ የተተከለ እግርና የሚሽከረከር ወገብ ያስፈልገዋል። የሚይዘው ይህን ርቀት ለማቋረጥ ከአንድ ሰከንድ የበለጠ ጊዜ አይፈጅበትም። በዚያች ሰከንድ መቺው አንድ ወይም ሁለት ዕድል ብቻ አለው፤ ከሳተ ቦታው ጠፋ ማለት ነው። በጀርባው የተኛ ሰው ደግሞ ክርኑን ወደ ኋላ ስቦ ለመምታት መሬቱ ይከለክለዋል። በአንጻሩ ራሱን አጎንብሶ የሚገባ ትግለኛ ፊቱን ለጉልበት አሳልፎ ይሰጣል። በሁለተኛው ግጥሚያ በደንባችን ፊት መምታት ባይከለከል ኖሮ የጎጃሜው አገባብ ምን ያህል ውድ ዋጋ ያስከፍለው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። የሰፈራችን ልጅ በጠብ ጊዜ የሚወደው ቴስታም፣ ተያይዞ እያለ የሚሠራ ምት መሆኑን አትርሳ።

ዓለምም በዚህ ጥያቄ ብዙ ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ሶልት ሌክ ሲቲ የጁዶው ጂን ለቤል ቡጢኛውን ማይሎ ሳቬጅን በአራተኛው ዙር አንቆ ጣለው። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ መሐመድ አሊ በቶኪዮ ከጃፓናዊው ትግለኛ ከአንቶኒዮ ኢኖኪ ጋር ገጠመ። ኢኖኪ አብዛኛውን ጊዜ በጀርባው ተኝቶ የአሊን እግር ሲረግጥ ዐሥራ አምስቱ ዙር አለቀና እኩል ተባሉ። ገንዘብ ከፍሎ የገባው ሕዝብ ተናደደ። እኔ ግን ይህን ግጥሚያ እወደዋለሁ፤ ትግለኛው ቆሞ አሊን መጋፈጥ አልፈለገም፣ አሊም ተኝቶ ወደሚጠብቀው ሰው መግባት አልፈለገም፤ ሁለቱም የሚፈሩትን ያውቁ ነበር።

ነገሩ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 12 ቀን 1993 በዴንቨር በተደረገው የመጀመሪያው የዩ.ኤፍ.ሲ. ውድድር ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው 80 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው ብራዚላዊው ሮይስ ግሬሲ በአንድ ሌሊት ሦስት ሰዎችን ማሸነፉን ነው። ከሦስቱ አንዱ ቡጢኛ ባንድ እጁ ብቻ ጓንት አጥልቆ ገብቶ ነበር፤ ከመሬት ሲደርስ ጓንቱም ባዶው እጅም አልጠቀሙትም። በዚያው ምሽት የመጀመሪያ ግጥሚያ ግን የሆላንዱ መቺ ዠራርድ ጎርዶ ከ180 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን የሱሞ ትግለኛ ቴይላ ቱሊን በ26 ሰከንድ በርግጫ አስቁሞታል። ይህን የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ መቺዎቹ ተኝተው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሞሪስ ስሚዝ የተባለው የርግጫና የቡጢ ሰው፣ እንዴት እንደማይወድቅና ወድቆም እንዴት ታግሦ እንደሚነሣ ተምሮ በመምጣት ኃይለኛውን ትግለኛ ማርክ ኮልማንን በነጥብ ረታው። ከአህጉራችን ልጆችም ሁለት ምሳሌ ልጨምርልህ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓመት መጀመሪያ በቡጢው የሚፈራው ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ ጉልበቱን ታሞ ሳለ ሲሪል ጋንን ያሸነፈው እየጣለ፣ በትግል ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ በናይጄሪያ የተወለደው ትግለኛ ካማሩ ኡስማን አምስተኛውን ዙር ሊጨርስ አንድ ደቂቃ እንኳ ያልሞላ ጊዜ ሲቀረው፣ በነጥብ ሲመራው በነበረው በሊዮን ኤድዋርድስ የራስ ርግጫ ተዘረረ። ትግለኛው በነጥብ እየመራ ሳለ ማለት ነው።

ሴኔጋሎች ይህን ክርክር በደንባቸው ከፈቱት ቆይተዋል። ላምብ በሚባለው ትግላቸው በባዶ እጅ መምታት ይፈቀዳል፤ ግጥሚያው የሚያልቀው ግን አንዱ ሲወድቅ ነው። ስለዚህ እጅ የሚያገለግለው ለመጣል በር መክፈቻ ነው። እኛም ትግሉ አለን፣ ቡጢውም አለን፤ ሁለቱን አንድ ቤት አስቀምጠን አላየናቸውም።

አሁን ስለ ሜዳው ሣር ልናገር። በሰፈራችን ውስጥ ለውስጥ መንገድ የተነጠፈው ኮብልስቶን ነው። ተማሪዬ ሁለት ጊዜ የወደቀበት አወዳደቅ በሣር ፋንታ በዚያ ጥርብ ድንጋይ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት ስሜት አይኖረኝም ነበር። አንድ ቡጢ ያዞረው ሰው ራሱ ድንጋይ ላይ ሲያርፍም ያው ነው። አንባቢዬ በመሥሪያ ቤት የምትሠራ ከሆንህ ደግሞ ሕጉን ታውቀው ይሆናል፦ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን ሰው መከላከልን የሚቀበለው፣ ጥቃቱን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል ሲሆንና መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ነው። ስልክ የነጠቀህን ልጅ ድንጋይ ላይ ወርውረህ አንገቱን ብትሰብረው፣ ችሎት ፊት ስለ ቀበቶህ ቀለም የሚጠይቅህ የለም። ለእህቱ ሲል የሚሠለጥነው ተማሪዬ ይህን ስነግረው ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የጠየቀኝ ነገር ደስ አሰኘኝ፤ «መምህር፣ ሰው ወገቤን ሲይዘኝ እንዴት ብዬ ነው ወጥቼ የምሮጠው?» አለኝ።

ይህን የሚመልስለት ሰው አሠልጣኙ አልነበረም፤ አሠልጣኙም ይህን አልደበቀም። ስለዚህ ጎጃሜውን ወደ አዳራሹ ወሰዱት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመደበኛው ልምምድ በኋላ አሮጌ ፍራሾች ይነጠፉና፣ እርሱ ለግማሽ ሰዓት ያህል አያያዝን፣ አወዳደቅንና እንዴት ተፈልቅቆ እንደሚወጣ ያሳያል። ክፍያ አይቀበልም፤ በምትኩ ርግጫ ይማራል። ጭኑ ላይ የነበረው ሰማያዊ ምልክት ጠፍቷል። ከሕፃናቱ ኋላ በጥግ ቆሞ፣ የሥራ ሱሪውን እንደ ለበሰ፣ በኮሪያ ቋንቋ ይቆጥራል፤ ሦስት ላይ ሲደርስ እርሱም እንደ ልጆቹ ይሥቃል።