የአያቴ ዓይንና የምንሽሩ እንጨት

ባለፈው ዓመት ዕትም ስለ አያቴ የጻፍኩትን ያነበባችሁ ታስታውሱኝ ይሆናል። ርዕሱን «ዓይኑ የደከመ ተኳሽ» ብዬው ነበር። ብዙዎቻችሁ ወዳችሁልኛል፤ አንዷ የክፍላችን ልጅማ እንባዬ መጣ ብላኛለች። ጽሑፉ ግን ስህተት ነበረው። ቡለቲናችን በዓመት አንዴ ስለሚወጣ ነው እርማቱ እስከ ዛሬ የቆየው።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አያቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ጅብ በግ ይዞ ሲወጣ ተኮሱበትና ሳቱ። እኔ ያኔ 14 ዓመቴ ነው፤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ሰው ሲያጉረመርም ጊዜ በ80 እርምጃ ርቀት ድንጋይ አስቀምጠው ሦስት ጥይት ተኮሱ። ሦስቱም በየፊናቸው ሄዱ። «እንጨቱ ብረቱን ነክሶታል» አሉ። ማን ይስማቸው! በሳምንቱ አጎቴ ጠመንጃውን ተረከበ። ከዚያ ወዲህ አባባ ለቅሶ ቤት እንኳ ከሰው ኋላ ነው የሚቀመጡት።

እኔም ይህን ሁሉ አሳምሬ ጻፍኩ። «ሽማግሌው ጥፋቱን በእንጨቱ አሳበቡ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት፤ በጣም የኮራሁበትም እሱ ነበር። የጠየቅሁት አጎቴን ብቻ ነው።

ለ2017 ፋሲካ አገር ቤት ስሄድ ቡለቲኑን ይዤ ሄድኩና ለአባባ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «አናጢውን ጠይቀኸዋል?» አሉኝ። የምን አናጢ? ስለ አናጢ የሰማሁት ነገር የለም።

አናጢውን በማግስቱ አገኘኋቸው። ለካ አጎቴም በተራው ሲስት ከርሞ በ2012 ጠመንጃውን ለሳቸው ወስዶላቸው ኖሯል! እኛ ዘንድ ምንሽር ይባላል እንጂ ከጣሊያን ወረራ በፊት የገባ የቤልጂግ ማውዘር ነው። ብረቱ እንጨቱ ላይ የሚታሰረው በሁለት ብሎን ነው። ጋሼ ብሎኖቹን ፈትተው ብረቱን የድስት ጥላሸት ቀቡት፤ መልሰው እንጨቱ ውስጥ አስቀመጡትና አነሱት። እንጨቱ ላይ ጥቁር የታተመበት ቦታ ብረቱን የሚጫነው ነው። ከፊት በኩል በግራ ወገን ብቻ ታተመ። የክረምቱ እርጥበት አብጦት ነዋ። ያንን በጠርሙስ ስባሪ ፋቁት። ከኋላ ደግሞ ብረቱ የሚቀመጥበት ቦታ በዘይት ብዛት ለስልሶ ይነቃነቅ ነበር፤ እሱን ጋራዥ ውስጥ በሚጠቀሙበት፣ ሁለቱ ተደባልቆ በሚጠነክረው ማጣበቂያ ሞሉት። ብረቱን አስቀድመው ሰም ቀብተውታል፤ አለዚያ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። በመጨረሻም እርጥበት እንዳይገባው እንጨቱን የተልባ ዘይት አጠጡት።

ለኔም አሳዩኝ። ከማስታወሻ ደብተሬ አንድ ቁራጭ ወረቀት ቀደዱና በብረቱና በእንጨቱ መካከል ሳቡት፤ ሳይያዝ አለፈ። «ያኔ ግማሽ መንገድ ላይ ነበር የሚቆመው» አሉኝ።

ምክንያቱን በኋላ አነበብኩ። ጥይት ሲተኮስ የጠመንጃው ቱቦ እንደ ክራር ክር ይርገበገባል። እንጨቱ አንድ ጎኑን ከተጫነው፣ ጭነቱም በእርጥበትና በሙቀት ከተለዋወጠ፣ ጥይቱ በየጊዜው አቅጣጫው ይለያያል። ነገሩ በጣም የሚያሳስባቸው በ.22 ካሊበር የሚወዳደሩ ተኳሾች ናቸው። የ.22 ጥይት ቀርፋፋ ስለሆነ ቱቦው ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በ50 ሜትር ውድድር 10 ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ደግሞ ስፋቱ 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው። እነሱ ስለ እንጨቱ ሲያወሩ ማንም ሰበብ አይላቸውም።

አጎቴን «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ስለ ዓይናቸው ጠየቅኸኝ፣ ስለ ዓይናቸው ነገርኩህ» አለኝ። ተናደድኩበት፤ ግን ጥያቄዎቼ ደብተሬ ላይ አሉ፣ ገልጬ ሳያቸው እውነቱን ነው። ስለ ጠመንጃው አንድም አልጠየቅሁም።

ማታ አባባን «ታዲያ ዓይንዎ ደህና ነው ማለት ነው?» አልኳቸው።

«ዓይኔማ ደክሟል፤ 76 ዓመቴ ነው» አሉ። «ያን ጊዜ ግን አልደከመም ነበር።»

ጠመንጃው አሁንም አጎቴ ዘንድ ነው። አባባ መልሱልኝ አላሉም። ልመለስ ስል ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ እርማቱ እንደ መጀመሪያው ሁለት ገጽ ይሆን እንደሆነ። አዘጋጆቹ አንድ ገጽ ሰጥተውኛል።