14ቱ መጠይቆች



የማጠናው ስታቲስቲክስ ነው። አምና ለፕሮጀክት 60 መጠይቅ በየዶርሙ በትኜ 46ቱ ብቻ ተመለሱልኝ። የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ፣ ከዒሻ በኋላ ተቀምጬ የቀሩትን 14 ራሴ ሞላኋቸው። «በቀን ለስንት ሰዓት ያጠናሉ?» ለሚለው ሦስት፣ አራት፣ ሦስት... እያልኩ። «ማንን ጎዳሁ?» አልኩ ለራሴ።

ሳሰላው ግን ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ቀነሰ። ከእውነተኞቹ መልሶች መካከል ጭራሽ የማያጠና አለ፤ በቀን ዘጠኝ ሰዓት የሚያጠናም አለ። የእኔ ፈጠራ ግን ሁሉም አማካዩ ዙሪያ ተሰብስቧል። ናሙናው ስለበዛና ልዩነቱ ስላነሰ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉም ጠበበ። ያልጠየቅኳቸውን ሰዎች ምስክር አድርጌ የሌለኝን እርግጠኝነት አገኘሁ።

ያኔ የሐዲስ ደርሳችን ትዝ አለኝ። እንደ ኢማም አል-ቡኻሪ ያሉ ሙሐዲሶች ሐዲስ ከመቀበላቸው በፊት «ማን ከማን ሰማ?» ብለው ሰነዱን ይመረምሩ ነበር። ንግግሩ ቢያምርም ዘጋቢው ውሸታም ከሆነ አይቀበሉትም። የእኔ 14 ዘጋቢዎች ደግሞ ከነጭራሹ የሉም።

ከሱብሒ በኋላ ሰረዝኳቸው። ሪፖርቱ ላይ «60 ተበትኖ 46 ተመለሰ» ብዬ ጻፍኩ። ኢንተርቫሉ ሰፋ፤ አድቫይዘሬም ናሙናው አንሷል ብለው ነጥብ ቀነሱብኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ያገኘሁት ነጥብ ግን የእኔ ነው።

ዘንድሮ ዳታ የምትሰበስቡ እህት ወንድሞቼ፣ ቁጥርም አማና ነው። የጎደለውን ጎደለ ብላችሁ ጻፉ።