ከጂንካ እስከ ጉለሌ

ጂንካ ላይ የውጭ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። በማለዳ መኪና ተከራይቶ ወደ ማጎ ይወርዳል፣ ፎቶውን አንስቶ ይመለሳል። ለጦርነት መጥቶ እዚሁ የቀረውን እንግዳ ያየሁት ግን አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው።

የታክሲው ረዳት «ዊንጌት! ዊንጌት!» እያለ ይጣራል። ጎጃም ላይ ከአርበኞቻችን ጋር ጣልያንን ሊወጋ የዘመተው እንግሊዛዊ መኮንን ስሙ ለትምህርት ቤት ተሰጥቶ ለሰፈሩም ተርፏል። እኔ ፍለጋ የወጣሁት ማንም የማይጠራቸውን ነው።

እነሱ ያረፉበት የጦር መቃብር በጴጥሮስ ወጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ፣ ከሌሎች የውጭ ዜጎች መካነ መቃብሮች ጋር ነው። ጥበቃው አዛውንት ናቸው።

«ከየት ነህ ልጄ?»

«ከጂንካ፣ አባባ።»

«ጦርነቱ እናንተም ዘንድ ደርሶ ነበር?»

ደርሶ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ከኬንያ የተነሳው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ አልፎ ማጂን ከጣልያን አስለቅቋል። ማጂ ከእኛ ኦሞን ተሻግሮ ነው።

መቃብሮቹ በረድፍ ተሰልፈዋል። በኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ደንብ መኮንንና ተራ ወታደር በድንጋይ አይበላለጡም፤ ይህ ደስ አለኝ። ጎንበስ ብዬ አነበብኩ፦ የክፍሉ ዓርማ፣ መለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስም፣ የሞተበት ቀን። አንዱ ፊደል ላይ የድንጋይ ሽበት ተጣብቆበት ነበር፤ በጣቴ ጠረግሁት። ስሙ አፍሪካዊ ነው።

ናይጄሪያውያን ወታደሮች የማርዳን ማለፊያ ሰብረው መጋቢት 17 ቀን 1933 ሐረር ገቡ። የጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ ወታደሮች ዋደራ ጫካ ውስጥ በዝናብ ተዋጉ። ያዘመታቸው ቅኝ ገዥ ነው፤ ሁሉም ወዶ ዘማች እንዳልነበረም አውቃለሁ። ደማቸው ግን በእኛ መሬት ላይ ፈሰሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ የእነዚህ ልጆች አገሮች ገና በባዕድ እጅ ነበሩ። ጋና በ1949፣ ናይጄሪያ በ1953፣ ኬንያ በ1956 ዓ.ም. ነው ነፃ የወጡት።

በየዓመቱ የድል ቀን አርበኞቻችንን እናስባለን፤ ተገቢም ነው። እነዚህ ሲነሱ ግን አልሰማሁም፣ እኔም ትምህርት ቤት አልተማርኩም። የታሪክ መምህራን፣ እባካችሁ ተማሪዎቻችሁን ወደ ጉለሌ ይዛችሁ ውጡ። ስሞቹን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡ።