ገበጣ የሚያጫውተን ናፍቆት ነውን?

ባለፈው ዕትማችን አንድ ወንድማችን ስለ ገበጣ ሲጽፍ፣ ስደተኛ ገበጣ የሚጫወተው ጨዋታውን ወዶ ሳይሆን ያኔ የነበረውን ራሱን ናፍቆ ነው፤ ናፍቆቱ የበረደለት ዕለት ጠጠሩን ይበትነዋል ብሎ ነበር። አነጋገሩ ያምራል። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ብዙዎቻችሁ አንገታችሁን ስትነቀንቁ አይቻለሁ። በበኩሌ ግን ነገሩ በዚህ የሚያልቅ አይመስለኝም። የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ከአገር ይዘን ወጥተን ለልጆቻችን የምናወርሰው ሁሉ የራሳችን ሕመም ነው ማለት ይሆናልና ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ሕመም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፈረንጆች ናፍቆትን በመጀመሪያ ከበሽታ ቈጥረውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1688 ዮሐንስ ሆፈር የተባለ ወጣት የሕክምና ተማሪ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ሰዎች እየከሱ የሚሄዱበትን ሕመም ከሁለት የግሪክ ቃላት ቀጥሎ ኖስታልጂያ አለው። አንደኛው ቃል ወደ ቤት መመለስ፣ ሁለተኛው ሥቃይ ማለት ነው። ዋናው መድኃኒትም በሽተኛውን ወደ አገሩ መስደድ ነበር። (ይኸን መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ባልባላ ውስጥ እስካሁን አላጋጠመኝም።) የእኛ ሰው ግን ትዝታን ሐኪም ዘንድ አልወሰደውም፤ ክራር ላይ ቃኘው እንጂ። ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ስለዚህ ናፍቆትን የምንንቅ ሰዎች አይደለንም። ናፍቆት መኖሩንም የሚክድ የለም። ክርክሩ ጠጠሩን የሚያስነሣን እርሱ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው የሚል ነው።

እርሱ ከሆነ ከሁላችንም አብልጦ መጫወት የነበረበት ማን ነው? በእኛ ረድፍ አንድ የወሎ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ የምታውቋቸው ታውቋቸዋላችሁ። በልጅነታቸው ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ከብት ሲጠብቁ መሬቱን በጣታቸው እየማሱ ገበጣ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር። ወንድማቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። እኚህ አባት የገበጣ ጠጠር ሲንኳኳ ከሰሙ ጋቢያቸውን ሰብስበው ይነሣሉ። አንድ ቀን ልጆቹ አባባ እባክዎ አንድ ዙር ብቻ ብለው ቢለምኗቸው፣ እጃቸውን እስከ ጉድጓዱ አድርሰው መለሱትና ወደ ቧንቧው ወረፋ ሄዱ። በሰፈራችን የእርሳቸውን ያህል የናፈቀ ሰው አላውቅም፤ ገበጣ ግን አይነኩም። ናፍቆቱ ከጨዋታው ሲያርቃቸው እንጂ ሲያቀርባቸው አላየሁም።

በአንጻሩ ከጧት እስከ ማታ የሚጫወቱት እነማን ናቸው? እዚሁ የተወለዱት ልጆች ናቸው። ሰሌዳቸው ከወደብ በመጣ የዕቃ መጫኛ ጣውላ ላይ በጋለ ብረት የተቦረቦረ ነው፤ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት አራት፣ በጠቅላላው 48 ፍሬ። ግማሹ ጠጠር ነው፤ ግማሹ የተምር ፍሬ ነው። ከአንዱ ጉድጓድ አፍሰህ አንድ አንድ እየዘራህ ትሄዳለህ፤ የመጨረሻዋ ፍሬ ያረፈችበት ጉድጓድ ባዶ ካልሆነ ያንን ደግሞ አንሥተህ ትቀጥላለህ፤ ባዶ ላይ ስትወድቅ ተራህ ያበቃል። ዕጣ የለበትም፤ እንደ ካርታ የተደበቀ ነገርም የለበትም። ሁሉ ነገር በሁለቱም ዐይን ፊት ተዘርግቶ ሳለ፣ አንዱ የሚያየውን ሌላው አያይም። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ እጇን ከማንሣቷ በፊት ፍሬዋ ሰሌዳውን ሦስት ጊዜ ዞሮ የት እንደሚያርፍ በልቧ ቈጥራ ስትጨርስ አይቻለሁ። ይህች ልጅ ወሎን በዐይኗ አላየችም። ምኗን ትናፍቅ?

ከወላጆቿ የተዋሰችው ናፍቆት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲያ ከሆነ አጠገቧ የሚቀመጠውን የሶማሌ ልጅ ምን እንበለው? እርሱ ከእናቱ የተማረው ሻሕ ነው፤ 24 ነጥብ ባለው ሥዕል ላይ ሁለት ተጫዋቾች 12፣ 12 ጠጠር እየደረደሩ ሦስቱን በአንድ መሥመር ለማሰለፍ የሚታገሉበት። እርሱ ገበጣ ከእኛ ልጆች ተማረ፤ እነርሱም ሻሕ ከእርሱ ተማሩ። አሁን ቀኑ ሞቆ ከሰል የመሰለ እንደሆነ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር አንዱን ጨርሰው ሌላውን ይጀምራሉ። ጫቱ ከኢትዮጵያ ደርሶ አባቶች በየቤቱ ሲሰበሰቡም ከቦታቸው አይነቃነቁም።

ደግሞስ የእነዚህ ልጆች አገር የቱ ነው? ባልባላ ራሷ ከሽቦ ውጭ የተወለደች ከተማ ናት። ከ1966 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ፈረንሳዮች ጅቡቲን በእሾህ ሽቦ ባጠሩ ጊዜ መግባት የተከለከለው ሰው ከአጥሩ ወዲያ ጎጆውን ቀለሰ፤ ነጻነት በመጣበት በ1977 እና ከዚያም ወዲህ ጦርነትና ድርቅ ያፈናቀለው ሁሉ ተጨመረበት። ልጆቻችን ነገ ሌላ ክፍለ ዓለም ቢሻገሩ የሚናፍቃቸው ይኸው ጥቁር ድንጋይና ቆርቆሮ ነው እንጂ አምባሰል አይደለም። እኛ ወደድንም ጠላንም።

ከገበጣው ትንሽ ልራቅ። ጎረቤቴ ያለ የ15 ዓመት ጎረምሳ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አለው። በዚያ ስልክ የሚጫወተው ፖኬሞን የሚባለውን የጃፓን ጨዋታ ነው፤ ያውም የመጀመሪያውን፣ በ1996 (እ.ኤ.አ.) ጌም ቦይ ለምትባለው የእጅ መጫወቻ የወጣውን። ጨዋታው ሲወጣ እርሱ አልተወለደም። በጨዋታው ውስጥ ተጫዋቹ ራሱ እንደ አንድ ብላቴና ሆኖ ከእናቱ ቤት ይወጣና ከከተማ ወደ ከተማ እየተጓዘ 151 ዓይነት ፍጡራንን ለመሰብሰብ ይደክማል። ሥዕሉ ነጥብ ነጥብ ነው፤ ሰዎቹ ከአውራ ጣት ጥፍር ያንሳሉ። በውጭ አገር ስለ እነዚህ አሮጌ ጨዋታዎች ሲነሣ፣ የሚወዷቸው ልጅነታቸውን የናፈቁ ጎልማሶች ናቸው ይባላል። ጎረምሳውን ስለዚሁ ብጠይቀው ሣቀብኝ። ጨዋታው ስልኩ ላይ ቦታ አይወስድም፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ መብራት ሊጠፋ ሲል የደረሰበትን መዝግቦ ያቆማል። ሌላም ነገር አከለ፤ አዲሶቹ ጨዋታዎች ሁሉን ነገር እንደ ፊልም አድርገው ስለሚያሳዩ እርሱ የሚሠራው ነገር አይተዉለትም፤ በአሮጌው ግን ጫካው ምን እንደሚመስል የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። የኋለኛውን አባባል ከዚህ በላይ ላስተካክለው አልችልም። ገበጣም እንዲሁ ነው። 12 ጉድጓድ ነው፤ በረቱም፣ እርሻውም፣ ዘረፋውም በተጫዋቹ ራስ ውስጥ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ሰንጠረዥ ላንሣ፤ ለወንድማችን ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ ይኸ ይመስለኛልና። ሰንጠረዥ የአገራችን የጥንት ቼዝ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ይጫወቱት እንደ ነበር ጽፏል። አጨዋወቱ በዓለም ካለው ቼዝ የሚለይበት አንድ ነገር ነበረው፤ ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም። የመጀመሪያው ምርኮ እስኪያዝ ድረስ ሁለቱም ወገን እንደ ፈቀዱ ጦራቸውን ያሰልፋሉ፤ ይኸም ወረራ ይባላል። ታላቅ ጨዋታ ነበር። የቤተ መንግሥት ጨዋታ ስለ ነበረም የጥንቱን ክብር የሚያስታውስ ከእርሱ ይልቅ ምን አለ? ዘመነ መሳፍንትን፣ ራሶችንና ደጃዝማቾችን የሚናፍቅ ሰው ደግሞ በኢትዮጵያ ምድር ጠፍቶ አያውቅም። ይሁን እንጂ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሰንጠረዥ ደብዛው ጠፋ። የሚያጫውተው ቤት ሲፈርስ፣ የሚቀርጸውና የሚያስተምረው ሲበተን፣ ናፍቆት ብቻውን አላቆመውም። ገበጣ ግን ቤተ መንግሥት አልፈለገም። እረኛ በመሬት ላይ፣ ስደተኛ በጣውላ ላይ ይቈፍረዋል።

ይኸን ስል ናፍቆት ምንም ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም። ያን ጣውላ ለመጀመሪያ ጊዜ የቦረቦረው ሰው አገሩን ናፍቆ ነው የቦረቦረው፤ እርሱ ባይናፍቅ ልጆቹ ባላወቁት። በሩን የከፈተው ናፍቆት ነው። ገብቶ የተቀመጠው ግን ሌላ ነው።

በዚህ ምክንያት በቅርቡ የተነሣውን ጠብ እንደ ቀላል አላየውም። በሻሕ ጠጠር በሚደረደርበት ጊዜ መብላት የለም። ልጆቹ ይኸን ወስደው በገበጣም በመጀመሪያው ዙር መብላት ክልክል ነው የሚል ሕግ አወጡ። አንድ አባት ተቈጥተው ይኸ የእኛ ገበጣ አይደለም፣ አበላሻችሁት አሉ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ ከአገር ይዘው የወጡት ጥቂት ነገር ነውና እርሱንም ሲቀይሩባቸው ማየት ያማል። ነገር ግን የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ስለ ገበጣ ባወጡት ጥናት፣ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግበዋል። ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው የረድፉ ቁጥር፣ የጉድጓዱ ቁጥር፣ የመብላቱ ሥርዓት ሁሉ ይለያያል። እንግዲህ የእኛ ገበጣ የሚባለው ከመቶው የትኛው ነው? እኔ የምፈርደው ለልጆቹ ነው። የናፍቆት ገበጣ አንዲት ሕጉ እንኳ እንዳትነካበት ይፈልጋል፤ የሚጫወቱት ገበጣ ግን ይቀየራል።

ዐምና ከመካከላችን አንድ ቤተሰብ ወደ ካናዳ ተሻግሯል። ያቺ ቈጥራ የምትጨርሰው ልጅ የዚያ ቤት ልጅ ናት። ሰሌዳውን ይዛ አልሄደችም፤ እዚህ ለቀሩት ተወችው። እዚያ የ12 እንቁላል መያዣ ካርቶን አግኝታ ባቄላ እየዘራች የክፍል ጓደኞቿን አስተምራለች። ባለፈው ሳምንት በስልክ ድምፅዋን ቀድታ ላከች። አንዱ ጓደኛዋ በመጀመሪያው ዙር መብላት ለምን ይከለከላል ብሎ አስቸግሯታልና፣ ሕጉ እንደ ጸና ነው ወይስ ቀይራችሁታል ትላለች። ልጆቹ መልስ ለመላክ ተሰብስበው ነበር፤ እርስ በርሳቸው ስላልተስማሙ ግን እስከ ዛሬ አልተላከላትም።