የአያቴስ አውሮፕላን?

እናቴ ባለፈው መስከረም ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት መጣች። ጀርመንን ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ሻንጣዋ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ጋቢ ነበረ። ሦስት ወር አብራን ልትቆይ ነው። በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እሷንና የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ በባቡር ወደ ፍራይቡርግ ሄድኩ።

ፍራይቡርግ የማስተርስ ዲግሪዬን የተማርኩባት ከተማ ናት። በጀርመን ደቡብ ምዕራብ፣ ጥቁር ደን በሚባለው ተራራማ አካባቢ ግርጌ ትገኛለች። ከፍራንክፈርት በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ትርቃለች። በአሮጌው ከተማ መንገዶች ዳር ጠባብ የውሃ ቦዮች ይፈስሳሉ። ሳያስበው ቦዩ ውስጥ የረገጠ እንግዳ የከተማዋን ሰው ያገባል ይባላል። ይህን ስነግራት እማዬ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ "እኔስ ይቅርብኝ" እያለች በጥንቃቄ ተሻገረች።

እኔ ግን ላሳያት የፈለግሁት ቮባን የሚባለውን ሰፈር ነበር። ቮባን ድሮ የፈረንሳይ ጦር ሰፈር ነበር። ወታደሮቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ለቀው ሲወጡ፣ በቦታው ላይ ከ5,000 በላይ ሰዎች የሚኖሩበት አዲስ ሰፈር ተሠራ። ሁሉም የወታደር ሕንጻዎች አልፈረሱም። አንዳንዶቹ ታድሰው የተማሪዎች መኖሪያ ሆኑ። እኔም ሁለት ዓመት የኖርኩት ከእነዚህ በአንዱ ነው።

ከትራም እንደወረድን እማዬ ቆም ብላ ዙሪያዋን አየች።

"መኪኖቹ የት ሄዱ?" አለች።

በመንገዱ መሐል ልጆች በጠመኔ ሥዕል ይስላሉ። አንዲት ትንሽ ልጅ ብስክሌት ትለማመዳለች። በቮባን አብዛኛው የመኖሪያ መንገድ ለልጆችና ለእግረኞች የተተወ ነው። መኪና ዕቃ ለማውረድ በዝግታ ሊገባ ይችላል፤ ቤት ደጃፍ ላይ ግን አይቆምም። መኪና ያለው ሰው በሰፈሩ ዳር ባለው የጋራ ማቆሚያ ቦታ ይገዛል። ዋጋውም ብዙ ሺህ ዩሮ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰቦች መኪና የላቸውም።

"ትራሙ ባይኖርስ?" አለች እማዬ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ትራሙ እስከ ሰፈሩ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሱቁ፣ መዋዕለ ሕፃናቱና ትምህርት ቤቱ በእግር ይደረስባቸዋል። ነዋሪዎቹ ሰፈሩ ሲታቀድ ጀምሮ ተሰባስበው ሐሳባቸውን ያቀርቡ ነበር። አንድ ሰው ብቻውን መኪናውን ቢተው ይቸገራል፤ ሰፈሩ አብሮት ሲተው ግን ትራም ይመጣል። እማዬ ይህን ስትሰማ፣ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" አለች። ልጄ ተረቱን ስላልገባት አያቷ ምናባዊ ሎሚዎች እያሸከመች አስረዳቻት።

ወደ ውስጥ ስንዘልቅ ከቤቶቹ ጣሪያ በብዙዎቹ ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች አየን። ከሰፈሩ አጠገብ ኮረብታው ላይ ሄሊዮትሮፕ የሚባል ክብ ቤት አለ። አርክቴክቱ ሮልፍ ዲሽ እ.ኤ.አ. በ1994 የሠራው ሲሆን፣ እንደ ሱፍ አበባ ፀሐይን ተከትሎ ይዞራል። እማዬን ግን ያስገረማት ሌላ ነገር ነው። በየበረንዳው ልብስ ተሰጥቷል።

"ጀርመኖችም ልብስ ገመድ ላይ ያሰጣሉ እንዴ?"

አፈርኩ። እኛ ቤት የልብስ ማድረቂያ ማሽን አለን። የመጀመሪያ ደመወዜን ካገኘሁ በኋላ ከገዛኋቸው ዕቃዎች አንዱ እሱ ነበር። ያኔ ገመድ የድህነት፣ ማሽን የኑሮ መሻሻል ምልክት ይመስለኝ ነበር።

ከመመለሳችን በፊት ወደ አንድ ሱቅ ገባን። በጀርመን አብዛኞቹ ጠርሙሶች መያዣ ይከፈልባቸዋል። ባዶውን ፕላስቲክ ጠርሙስ ማሽኑ ውስጥ ስትከቱ 25 ሳንቲም ይመለስላችኋል። ልጄ አራት ጠርሙስ አስገብታ አንድ ዩሮ አገኘች። እማዬ ሳቀች።

"ቆራሌው ማሽን ሆነ በይኛ!"

ቆራሌውን ለማታውቁ፦ በአዲስ አበባ ሰፈሮች "ቆራሌው!" እያለ የሚዞር ሰው አለ። አሮጌ ጫማ፣ ጀሪካን፣ ብረታ ብረት፣ ጠርሙስ ይገዛል። የገዛውን መልሶ ይሸጣል፤ ዕቃው እንደገና ይሠራበታል።

ወደ ፍራንክፈርት ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። በሙያዬ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። አንድ ፕሮግራም ሲንቀራፈፍ ሁሉንም መስመር አንነካካም። መጀመሪያ ብዙ ጊዜ የሚበላው የትኛው ክፍል እንደሆነ እንለካለን። የቤተሰባችንንም የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን እንዲሁ በሠንጠረዥ መዝግቤ ነበር። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ ሲቃጠል የሚወጣና የምድርን ሙቀት አፍኖ የሚይዝ ጋዝ ነው። በመኪና ፋንታ በብስክሌት ሥራ መሄዴ በዓመት 450 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ማድረቂያ ማሽኑን ብንተው 100 ኪሎ ገደማ እናተርፋለን። በብስክሌቱ ኮራ ብዬ ለልጄ አሳየኋት።

ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

"አባዬ፣ የአያቴስ አውሮፕላን የት አለ?"

አልነበረም። ረስቼው ሳይሆን ልጽፈው ስላልፈለግሁ ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ደርሶ መልስ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለአንድ መንገደኛ ሳሰላው ወደ አንድ ቶን ተጠጋ፤ ብስክሌቴ በሁለት ዓመት የሚያተርፈውን ያህል ማለት ነው። እኛ ደግሞ በየዓመቱ ለገና ሦስታችንም አዲስ አበባ ሄደን አሥር ቀን ቆይተን እንመለስ ነበር። ሦስት ሰው፣ ሦስት ቶን። ቤታችንን ዓመቱን ሙሉ ከምናሞቅበት ይበልጣል።

እማዬ ስናወራ ትሰማለች። "እንግዲህ እኔ ሳልመጣ ልቅር?" አለች። ፈገግ ብላ ነው፤ ግን ጥያቄዋ የምር ነበር። ልጄ እጇን ያዘች።

ማናችንም ቶሎ መልስ አልሰጠንም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እማዬ ራሷ ስለ ወሎ ዘመዶቿ አነሳች። የበልግ ዝናብ እንደ ድሮው በጊዜው አይመጣም፤ ዘርተው የሚጠብቁበት ዓመት በዝቷል አለች። እነዚያ ዘመዶቻችን መኪናም አውሮፕላንም የላቸውም። ወደ አየሩ የሚለቁት ጋዝ ከእኛ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ዝናቡ ሲቀር ግን ቀድሞ የሚጎዳው የእነሱ ማሳ ነው።

ያን ምሽት ቤት ስንገባ ባለቤቴም ተጨምራ ሠንጠረዡን እንደገና ሠራነው። አያትን መጠየቅ አይሰረዝም። ለሁለት ቀን ሽርሽር ወደ ባርሴሎና መብረር ግን ተሰረዘ፤ በአቅራቢያ ወዳሉ ከተሞች በባቡር እንሄዳለን። ኢትዮጵያ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ፣ በትምህርት ቤት የበጋ ዕረፍት፣ ለስድስት ሳምንት እንሄዳለን። ሒሳቡ ቀላል ነው። በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ በረን 20 ቀን ነበር የምናገኘው። አሁን አንድ ጊዜ በረን 42 ቀን እናገኛለን።

ሁለተኛው ለውጥ ማሞቂያው ነው። የክፍልን ሙቀት አንድ ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ከማሞቂያው ፍጆታ ወደ 6 በመቶ ይቀንሳል። ከ23 ወደ 21 አወረድነው። ለእማዬ ብርድ ፈርቼ መልሼ ከፍ ላደርገው ስል፣ "ጋቢውን ለምን ያመጣሁላችሁ ይመስልሃል?" ብላ ተቆጣችኝ። ሦስተኛው ምግብ ነው። የበሬ ሥጋ ለአየሩ ከምስርና ከሽሮ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ከረቡዕና ከዓርብ ሌላ ሰኞም የጾም ምግብ እንበላለን። ማንም ቅር አላለውም፤ እማዬ ናታ የምትሠራው።

እናንተም ከወላጆቻችሁ ጋር እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሥሩ። ትልልቆቹን ቀድማችሁ ፈልጉ፦ ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ፣ መኪና፣ አውሮፕላን፣ ሥጋ። ልትጽፉት ያልፈለጋችሁት ነገር ካለም፣ እሱን መጀመሪያ ጻፉት።

እማዬ በታኅሣሥ ወደ አገሯ ተመለሰች። አውሮፕላን ማረፊያ ስንሸኛት ልጄ፣ "42 ቀን" አለቻት። አያቷም፣ "ቆራሌውን ራስሽ ነሽ የምትጠሪው፤ እስከዚያ ድምፅሽን አለማምጂ" አለቻት። አሁን ቤታችን ውስጥ ባዶ ጠርሙስ በተገኘ ቁጥር ከሳሎን እስከ ኩሽና "ቆራሌው!" ይጮኻል።