ለአባቴ ያጠጣሁት ባንጎ

አባቴ ሽንቱ ተዘግቶበት ሲሰቃይ እኔ ባንጎ አጠጣሁት። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ቀኖናም ተቀብያለሁ። እዚህ የምጽፈው ግን «ለጃጀ ሰው ሀሺሽ ጥሩ ነው፤ ፈረንጆችም አረጋግጠውታል» የሚለው ወሬ መተማ ዮሐንስ ላይ ከእኔም አፍ ወጥቶ ስለነበር ነው።

አባቴ ከጭልጋ ወደ ቆላው የወረደው በጉብዝናው ወራት ነው፤ ዕድሜውን የፈጀው በሰሊጥ እርሻ ላይ ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ደርሶ ጥቂት ቀን ካለፈው ሽፋኑ ተከፍቶ ዘሩ ይረግፋል። የመርሳት በሽታው ሲጠናበት የልጆቹን ስም ረሳ፤ ይህን ግን አልረሳም። ፀሐይ ስትጠልቅ ይነሳል፣ ማጭዱን ይፈልጋል፣ በሩን ይገፋል። «ሰሊጡ እየረገፈ ምን ታስተኛኛለህ?» ይለኛል። ወሩ ሚያዝያ፣ እርሻው ባዶ። የጋላባት ድልድይ ቅርብ ነውና በጨለማ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ይጠፋብናል ብዬ እሰጋ ነበር።

በመጨረሻ ግን ሌላ ነገር መጣ። በጥቂት ቀን ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ መቃተት፣ ልብሱን መጎተት፣ የቀረበውን ሁሉ መማታት ጀመረ። «እርጅናው ባሰበት» አልኩና ለማንም አላሳየሁትም።

ቶሮንቶ የምትኖረው እህቴ በስልክ የነገረችኝ እውነት ነበር። እዚያው ከተማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ ናቢሎን የሚባል የካናቢስን ንጥረ ነገር አስመስሎ የተሠራ እንክብል 40 ለማይሞሉ የአልዛይመር ታማሚዎች ተሰጥቶ መረበሻቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። እንቅልፍ የተጫናቸውም በርክተው ነበር። እህቴ «መጀመሪያ ሐኪም ጠይቅ» ብላኛለች። እኔ ይዤ የቀረሁት «ያረጋጋል» የምትለዋን ቃል ብቻ ነው። ሱዳኖች ባንጎ የሚሉት የካናቢስ ቅጠል ከማዶ አይጠፋም፤ ሕጋችን እንደሚከለክለው እያወቅሁ አስመጣሁ።

በወተት አድርጌ ሰጠሁት። የሚጨሰው ቶሎ ይሰማል፤ የሚዋጠው ግን በሆድና በጉበት በኩል ስለሚያልፍ ኃይሉ እስኪመጣ አንድ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ከመጣ በኋላም ለብዙ ሰዓት አይለቅም። ይህን አላውቅም ነበር። አልተኛ ሲል ደገምኩለት። ቲኤችሲ የሚባለው ዋናው ንጥረ ነገር ልብን ያስሮጣል፤ ሰው ከተኛበት ብድግ ሲል የደም ግፊቱን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። እኩለ ሌሊት ላይ አባቴ ሊነሳ ሞከረና ወደቀ። ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ በእግሩ አልቆመም።

ያየው የጤና ባለሙያ ሆዱን ሲዳስሰው ፊኛው እስከ እምብርቱ ተወጥሮ አገኘው። ፕሮስቴቱ አብጦ ሽንቱን ዘግቶበታል። በቱቦ ሲያፈስለት፣ ስብራቱ እያመመው እንኳን፣ ልብሱን መጎተቱን ተወ። ቋንቋው ጠፍቶበት እንጂ ለካ ያን ሁሉ ሌሊት ሕመሙን ሲነግረኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ኔዘርላንድስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት ለ50 ታማሚዎች 1.5 ሚሊግራም ቲኤችሲ በቀን ሦስት ጊዜ ለሦስት ሳምንት ተሞክሮ፣ መድኃኒት ከሌለው እንክብል የተሻለ ነገር አላመጣም። በ2021 ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም የሰበሰባቸው 4 ጥናቶች፣ በድምሩ 126 ሰዎች፣ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም። በ2024 ደግሞ ጆንስ ሆፕኪንስና ማክሊን ሆስፒታል አሜሪካ ውስጥ በ75 ሰዎች ላይ 5 ሚሊግራም ቲኤችሲ በቀን ሁለት ጊዜ ሞክረው መረበሹ መቀነሱን አስታውቀዋል። ስለዚህ ተስፋው ውሸት ነው አልልም፤ በርትተው ቢያጠኑት ደስታዬ ነው። ነገር ግን እነሱ ለታማሚው ሚሊግራም ይለካሉ፤ እኔ በጣቴ ቆንጥሬ ነው የሰጠሁት። እነሱ በየጊዜው ይመረምሩታል፤ እኔ ሆዱን እንኳን አልዳሰስኩም።

እናቱን ወይም አባቱን የሚያስታምም የቆላ ሰው ይህን ይስማኝ። የሚረሳ ሰው በቀናት ውስጥ ድንገት ከተለወጠ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። የእኛ አገር ወባ አለው፤ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ሽማግሌ ውኃ ጠማኝ ሳይል ይደርቃል። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የማይናገሩት ሕመም፣ ሁሉም መረበሽ መስሎ ይመጣል። ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው፤ ትኩሳታቸውንና ሽንታቸውን አስመርምሩ።

በዚያ ሌሊት የፈለግሁት የአባቴን እፎይታ ነው ብል እዋሻለሁ። እንቅልፍ ፈልጌ ነው፤ እሱ ዝም ቢልልኝ ብዬ ነው።

ለወንድሞቼ «ተደናቅፎ ወደቀ» ብያቸው ነበር። አልተደናቀፈም። እህቴ «ሐኪም ጠየቅህ ወይ?» ስትለኝ «አዎ» ማለቴም ውሸት ነው። ይህን ወሬ ባታመጣብኝ ኖሮ እያልኩ ለዓመታት በሆዴ ስወቅሳት ኖሬያለሁና ይቅር ትበለኝ።